በትልቅ ፊደል የተሰጠ ቃል በደቃቅ ፊደል ሊሻር አይገባም

ንግድ በገንዘብ ብቻ የሚካሄድ ሥራ አይደለም። ከገንዘቡ አስቀድሞ መታመን አለ። ባንክ ለአስመጪው ዋስትና የሚሰጠው፣ ላኪው ዕቃውን አይቶት ለማያውቀው ገዢ በመርከብ የሚጭነው፣ ባለሱቁም ከጅምላ ነጋዴው በዱቤ የሚረከበው፣ የተሰጠው ቃል ይፈጸማል በሚል እምነት ነው። አባቶች «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ሲሉ የተናገሩት ተረት ለቤተ መንግሥትና ለሸንጎ ብቻ የተነገረ መስሎ የሚታየው ካለ፣ ተሳስቷል። ከማንም ይልቅ የሚያስፈልገው ለነጋዴ ነው።

ዛሬ በብዙ አገሮች ነጋዴዎች ለገዢው የሚሰጡት አንድ ልዩ ዓይነት ቃል አለ። ይኸውም «ይህን ዕቃ ብትገዙ ከዋጋው ላይ ይህን ያህሉ ለበሽተኞች፣ ለሙት ልጆች ወይም ለትምህርት ቤት ይሰጣል» የሚለው ነው። ይህ ልማድ በመሠረቱ የሚነቀፍ አይደለም። ድኻው ይረዳል፤ ገዢው ደስ ይለዋል፤ ነጋዴውም ገበያው ይደራለታል። ለዚህ ዓይነት ሥራ ከሁሉ በላይ በምሳሌነት የሚጠቀሰው የአሜሪካን ኤክስፕረስ ኩባንያ በኤሮፓ አቆጣጠር በ1983 ያደረገው ነው። በኒው ዮርክ ወደብ የቆመውን የነጻነት ሐውልት ለማሳደስ ገንዘብ ሲሰበሰብ፣ ኩባንያው ደምበኞቹ በካርዱ ዕቃ በገዙ ቁጥር 1 ሳንቲም፣ አዲስ ካርድ ባወጡ ቁጥር ደግሞ 1 ዶላር እንደሚሰጥ አስታወቀ። በዚህ መንገድ 1.7 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለሐውልቱ ገቢ ሆነ። የካርዱም አገልግሎት በእነዚያው ወራት እጅግ ጨመረ። ከዚያ ወዲህ በጎ አድራጎትን ከሽያጭ ጋር የማጣመር ዘዴ በዓለም ላይ ተስፋፋ።

ነገር ግን ዘዴው ሲስፋፋ አንድ እንከን አብሮት አደገ። ቃሉ በትልቅ ፊደል ይጻፋል፤ ቃሉን የሚያጠበው ወይም የሚሽረው ሐሳብ ግን በማስታወቂያው ግርጌ፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ሊያነበው በማይችል ደቃቅ ፊደል ይቀመጣል። ገዢው ላዩን አንብቦ ይገዛል፤ ኩባንያው ግን የሚገደደው በታችኛው ነው። የዚህ ነገር ክፋት ከተራ የማስታወቂያ ማጋነን የሚለይበትን ምክንያት ማስተዋል ይገባል።

ሳሙና ነጭ ያደርጋል ተብሎ የገዛ ሰው ልብሱ ነጭ ሳይሆን ቢቀር በዓይኑ አይቶ ያውቀዋል፤ ሁለተኛም አይገዛውም። ለበሽተኞች ይሰጣል ተብሎ ዕቃ የገዛ ሰው ግን ገንዘቡ ለበሽተኞቹ መድረሱን በምን ያውቃል? ሆስፒታል ገብቶ አይቈጥር፤ የኩባንያውን መዝገብ አይመረምር። ያለው ነገር የነጋዴው ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ሽያጭ ውስጥ ገዢው ገዢ ብቻ ሳይሆን ሰጪም ነው፤ ነጋዴውም ሻጭ ብቻ ሳይሆን መልእክተኛ ሆኗል። በእጁ ያለው ትርፍ ሳይሆን አደራ ነው። በአደራ ላይ ደግሞ የተሰወረ ውል አይጨመርም።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። በ1999 በዩናይትድ ስቴትስ የዮፕሌ እርጎ አምራች ኩባንያ፣ ሰዎች የእርጎውን ክዳን አጥበው በፖስታ ቢልኩለት ለእያንዳንዱ ክዳን 50 ሳንቲም ስለ ጡት ነቀርሳ ምርምር ለሚደክም ድርጅት እንደሚሰጥ አስታወቀ። ብዙ ሰው፣ ይልቁንም በሽታው እናቱን ወይም እኅቱን የወሰደበት ሁሉ፣ ክዳኑን ማጠራቀም ያዘ። የተላከው ክዳን 9.4 ሚሊዮን ደረሰ። ነገር ግን በደቃቅ ፊደል በተጻፈው ቃል መሠረት የኩባንያው ስጦታ ከ100,000 ዶላር አያልፍም ነበር።

እያንዳንዱ ነጋዴ ይህን ሒሳብ በራሱ ወረቀት ላይ ሊያወጣው ይችላል። 100,000 ዶላር ለ50 ሳንቲም ሲካፈል 200,000 ክዳን ይሆናል። እንግዲህ ከ200,000ው በኋላ የመጡት 9.2 ሚሊዮን ክዳኖች ለበሽተኞቹ አንዲት ሳንቲም አልጨመሩም ማለት ነው። በትልቁ ፊደል የተሰጠው ቃል ቢፈጸም ኖሮ ስጦታው 4.7 ሚሊዮን ዶላር በሆነ ነበር። ስጦታው ለተላከው ክዳን ሁሉ ቢደለደል ግን ለአንዱ የሚደርሰው 50 ሳንቲም መሆኑ ቀርቶ 1 ሳንቲም ከጥቂት ነው። በዚያ ዓመት አንድ ተራ ደብዳቤ በአሜሪካ ፖስታ ለመላክ የሚከፈለው 33 ሳንቲም ነበር። ክዳኑን ያጠበው ሰው ለቴምብር የከፈለው፣ በክዳኑ ለበሽተኞቹ ከደረሰላቸው ይበልጥ ነበር።

የጆርጂያ ክፍለ ግዛት ባለሥልጣኖች ነገሩን ከመረመሩ በኋላ ኩባንያው ለዚያው ድርጅት ተጨማሪ 63,000 ዶላር እንዲሰጥ ተስማማ። ከ4.7 ሚሊዮኑ አንጻር ሲታይ ይህ ገንዘብ ጥቂት ነው። ነገር ግን በዚህ ሥራ ላይ ከዚያ የሚበልጠውን ኪሣራ ያስከተለው የኩባንያው ስም ነው። ከ20 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም ስለ አሳሳች የበጎ አድራጎት ሽያጭ በተነሣ ቁጥር የእርጎው ክዳን ይጠቀሳል። እርጎው ይበላል፤ ክዳኑ ይጣላል፤ ወሬው ግን ይቀራል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ በዓይነቱ ይለያል። በ2010 ኬንታኪ ፍራይድ ችክን የተባለው የምግብ ቤቶች ኩባንያ የተጠበሰ ዶሮውን በሮዝ ቀለም ባልዲ አድርጎ እየሸጠ፣ በእያንዳንዱ ባልዲ 50 ሳንቲም ሱዛን ኮመን ለተባለው፣ የጡት ነቀርሳን ለመዋጋት ለቆመው ድርጅት እንደሚሰጥ አስታወቀ። ስጦታው እውነተኛ ነበር፤ ከ4.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰጥቷል። ይሁን እንጂ በዝርዝሩ ውስጥ የተጻፈውን ያነበበ ሰው፣ 50 ሳንቲሙ የሚታሰበው የምግብ ቤቶቹ ባለቤቶች ራሳቸው ባዘዙት ባዶ ባልዲ ቁጥር እንጂ ሕዝቡ በገዛው ዶሮ እንዳልሆነ፣ የገዢውም ግዢ የስጦታውን ድምር በቀጥታ እንደማይጨምር ይረዳ ነበር። እንግዲህ በዚያ ቀን ከሁለት ምግብ ቤቶች አንዱን መርጦ የገባ፣ ምርጫውንም ያደረገው ለበሽተኞች 50 ሳንቲም ለመጨመር የሆነ ሰው፣ ያሰበውን አላደረገም። ገንዘቡ ቢሰጥም የገዢው ሐሳብ ግን ተታልሏል።

ይህ ሁለተኛው ምሳሌ ከፊተኛው የበለጠ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ምክንያቱም «ገንዘቡ ከተሰጠ ምን ጐደለ?» የሚል ሰው አይጠፋም። የጐደለው እውነቱ ነው። ኩባንያው «እኛ ለበሽተኞች ይህን ያህል ሚሊዮን ሰጥተናል፤ እናንተም ስለዚህ ሥራችን ደስ ብሏችሁ ዶሮአችንን ግዙ» ቢል ኖሮ ማንም ሊወቅሰው ባልቻለ ነበር። የተሰጠውን ተሰጠ ማለት ክብር ነው። ተሰጥቶ ያለቀውን ግን በገዢው እጅ ገና የሚሰጥ አስመስሎ ማቅረብ፣ አንድን ስጦታ ሁለት ጊዜ እንደ መሸጥ ነው።

ከእነዚህም ሌላ በደቃቅ ፊደል የሚሸሸጉ ቃላት አሉ። አንደኛው «ከትርፉ ላይ» የሚለው ነው። የትርፉ ልክ የሚታወቀው በኩባንያው ሒሳብ ሹም ዘንድ ብቻ ስለ ሆነ፣ ወጪው ሲበዛ ትርፉ ይጠፋል፤ ከጠፋ ትርፍ ላይ የሚሰጠው ክፍያም ምንም ይሆናል። ሁለተኛው «እስከ» የምትለዋ ትንሽ ቃል ናት። «እስከ 100,000 ብር ይሰጣል» ሲባል ሰሚው 100,000ውን ይይዛል፤ ሕጉ ግን የሚይዘው «እስከ» የሚለውን ነው፤ 1 ብር ቢሰጥም ቃሉ ተፈጽሟል ሊባል ይችላል። ሦስተኛው ገዢው ሌላ ሥራ ካልሠራ ስጦታው የማይሰጥበት ውል ነው፤ ይኸውም ቁራጭ ወረቀት ቈርጦ ካልላከ፣ ቁጥር ካላስመዘገበ፣ ይህንንም በተወሰነ ቀን ውስጥ ካልፈጸመ ግዢው ለስጦታ አይቈጠርም። ገዢው ግን በሱቁ ገንዘቡን ሲከፍል ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስለዋል።

በዚህ ነገር ላይ የነጋዴውን ወገን ክርክር ሳይሰሙ መፍረድ ደግ አይሆንም። ነጋዴው የሚለው ይህ ነው። «ምን ያህል እንደሚሸጥ አስቀድሜ አላውቅም። ወሰን ሳላደርግ ቃል ብገባ ድርጅቴን ለአደጋ አጋልጣለሁ። በትንሽ መጠቅለያ ላይ ደግሞ ይህን ሁሉ ዝርዝር በትልቅ ፊደል ለመጻፍ ስፍራ የለም።» የፊተኛው ክርክር ትክክል ነው። ለስጦታ ወሰን ማድረግ ነውር አይደለም፤ ዐዋቂ ነጋዴ ያለ ወሰን አይፈርምም። ነውሩ ወሰኑን መሸሸግ ነው። ስለ ስፍራ ጥበት የሚቀርበው ክርክር ግን አያሳምንም። «50 ሳንቲም ይሰጣል» የሚለውን በትልቅ ፊደል ለመጻፍ ስፍራ ከተገኘ፣ «ከ100,000 ዶላር ግን አያልፍም» የሚለውን አጠገቡ ለመጻፍ ስፍራ አይታጣም። የሚታጣው ፈቃድ ነው። ምክንያቱም ወሰኑ ከተጻፈ ገዢው «ይህ ወሰን ሞልቶ ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄውም ሽያጩን ያቀዘቅዘዋል። ወሰኑ የሚሸሸገው ስለዚህ ከሆነ ደግሞ፣ ነገሩ የፊደል ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የማታለል ጉዳይ ይሆናል።

ልዩ ልዩ መንግሥታትም ይህን ተገንዝበው ሕግ አውጥተዋል። በእንግሊዝ አገር በ1992 የወጣው የበጎ አድራጎት ሕግ፣ በበጎ አድራጎት ድርጅት ስም ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ከድርጅቱ ጋር በጽሑፍ ውል እንዲዋዋል፣ ለገዢውም ምን ያህሉ ለድርጅቱ እንደሚደርስ እንዲገልጥ አዟል። ሕጉ በ2006 ሲሻሻል መግለጫው ይበልጥ ተጠብቆ፣ የሚሰጠው ገንዘብ ልኩ፣ ልኩ ገና ካልታወቀም በተቻለ መጠን የተጠጋው ግምት እንዲነገር ተደረገ። የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ደግሞ በ2012 ለነጋዴዎች አምስት ምክሮችን አውጥቷል። የምክሮቹ ፍሬ ነገር፣ ስጦታው በግልጥ እንዲነገር፣ ገዢው ከግዢው የሚሰጠውን ልክ በቀላሉ እንዲያውቅ፣ ስጦታው አስቀድሞ የተወሰነ ከሆነ ይህ እንዳይሸሸግ፣ በኋላም ምን ያህል እንደ ተሰበሰበ ለሕዝብ እንዲገለጥ ነው። በኢትዮጵያም በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል። ሕጉ በጎ አድራጎትን ለብቻው ባይለይም፣ ማሳሳት በቸርነት ስም ሲደረግ ከማሳሳትነቱ አይወጣም።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ብቻ መስሎ የሚታየው አስመጪ ካለ፣ በመጋዘኑ ያለውን ካርቶን ገልብጦ ይመልከት። ከውጭ አገር የሚገባ ዕቃ በመጠቅለያው ላይ የበጎ አድራጎት ምልክትና ቃል ይዞ ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ያለው ቃል ብዙ ጊዜ የሚጸናው ዕቃው በተሠራበት ወይም በግርጌው ስማቸው በተጻፈው አገሮች ለሚሸጠው ብቻ ነው፤ ጊዜውም የተወሰነ ነው። ዕቃው ባሕር ተሻግሮ፣ ጉምሩክ አልፎ፣ ከመደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ስጦታው ያለቀበት ሊሆን ይችላል። ባለሱቁም ይህን ሳያውቅ ለደምበኛው «ይህን የገዛ ሰው በሽተኛ ይረዳል» ብሎ በአፉ ይናገራል። ኩባንያው በደቃቅ ፊደል ራሱን ነጻ አውጥቷል፤ ባለሱቁ ግን በአፉ ለተናገረው ቃል ግርጌ የለውም። ደምበኛው የሚያውቀው የሩቁን ኩባንያ ሳይሆን የሰፈሩን ባለሱቅ ነው፤ ቢታለልም የሚወቅሰው እርሱን ነው። ስለዚህ አስመጪው ከላኪው ኩባንያ በጽሑፍ ጠይቆ፣ ቃሉ በኢትዮጵያ ይጸና እንደ ሆነ መረዳትና ለባለሱቆቹ ማስታወቅ ይገባዋል። የማይጸና ከሆነም፣ ዕቃው በጥራቱና በዋጋው ይሸጥ እንጂ በሌለ ስጦታ አይሸጥ።

በራሱ ፈቃድ እንዲህ ያለ ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ነጋዴም መንገዱ አይጠፋበትም። ለምሳሌ አንድ ነጋዴ 300,000 ሳሙና አስመጥቶ፣ በእያንዳንዱ 1 ብር ለትምህርት ቤት ወንበር መግዣ ለመስጠት፣ ስጦታውንም በ50,000 ብር ለመወሰን አሰበ እንበል። ማስታወቂያውን «ሳሙናችንን ሲገዙ ልጆችን ያስተምራሉ» ብሎ ጽፎ ወሰኑን በግርጌው ቢሸሽግ፣ 250,000ው ሳሙና የሚሸጠው ባዶ በሆነ ቃል ነው። ይልቁንስ እንዲህ ብሎ ቢጽፍ ምን ይጐዳዋል? «ከጥቅምት 1 ቀን እስከ ኅዳር 30 ቀን ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ሳሙና ላይ 1 ብር ለትምህርት ቤት ወንበር መግዣ ይሰጣል። የስጦታው ወሰን 50,000 ብር ነው። ወሰኑ ሲሞላ በየሱቁ በር ላይ ይነገራል።» ይህ ጽሑፍ አጭር ነው፤ ሁሉም በአንድ መጠን ፊደል ሊጻፍ ይችላል፤ ልጅም ቢያነበው ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው የመዝገብ ሥራ ነው። የተሸጠው በየሳምንቱ ይመዝገብ። ወሰኑ በሞላ ቀን ማስታወቂያው ይውረድ፤ ወይም ነጋዴው ልቡ ከፈቀደ ወሰኑን ጨምሮ በአዲስ ማስታወቂያ ያስታውቅ። ገንዘቡ ሲሰጥ ትምህርት ቤቱ የሰጠው ደረሰኝ ሕዝብ በሚያየው ስፍራ ይለጠፍ። ይህን ያደረገ ነጋዴ በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ቃል ሲገባ፣ የሚያምነው ሰው ከፊተኛው ይበዛል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደ ተባለው፣ ደረሰኙ በበሩ ላይ የተለጠፈለት ነጋዴ ከማስታወቂያ ሁሉ የበለጠ ማስታወቂያ አግኝቷል።

ሕዝቡም ቢሆን ለዚህ ዓይነት ጥንቃቄ እንግዳ አይደለም። በየሰፈሩ ያለ ዕድር የአባላቱን መዋጮ በደብተር ይይዛል፤ ገንዘብ ያዡ ወጪና ገቢውን ለአባላቱ ይናገራል። አንድም ጊዜ «በደብተሩ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነበር» ብሎ ለሐዘንተኛ የሚገባውን ያስቀረ ገንዘብ ያዥ ቢገኝ፣ በማግሥቱ ደብተሩ ከእጁ ይወሰዳል። ለድኻ የታሰበን ገንዘብ በእጁ የሚያሳልፍ ነጋዴ ከዕድር ገንዘብ ያዥ ያነሰ መታመን ሊጠየቅ አይገባም።

በመጨረሻም ሊዘነጋ የማይገባው፣ ጉዳቱ በአታላዩ ኩባንያ ላይ ብቻ የማይቀር መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ የተታለለ ገዢ የሚሸሸው ያን አንድ ዕቃ ብቻ አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ እውነተኛው ነጋዴ እውነተኛ ስጦታ ይዞ ሲመጣ «ይህም እንደዚያው ነው» ብሎ ያልፈዋል። በዚህም የሚጐዱት ምንም ያላጠፉት ናቸው፤ አንደኛው ቃሉን የሚጠብቀው ነጋዴ ሲሆን ሁለተኛው ስሙ በማስታወቂያው ላይ የተጻፈለት በሽተኛ ነው። ስለዚህ በበጎ አድራጎት ስም ማስታወቂያ የሚያወጣ ነጋዴ ሁሉ፣ ወረቀቱ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን በትልቁ ፊደል አጠገብ አኑሮ ያንብበው። ሁለቱ አብረው ሲነበቡ የሚያሳፍሩት ከሆነ፣ መለወጥ ያለበት ፊደሉ ብቻ ሳይሆን ቃሉ ነው።